ከቃሬዛ ማኅበር ያስወጣኋቸው ሰው

ፊደል ያስቆጠረኝ የለም። ዳዊት ማንበብ የቻልኩት ሚስት ካገባሁ በኋላ፣ በራሴ ትግል ነው። ራሱን ያስተማረ ሰው ሌላውን መገሠጽ ይወዳል፤ እኔም እወድ ነበር።

ቀያችን ከፍኖተ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሰው ሲታመም እየተፈራረቅን ወደ ሐኪም የምንሸከምበት የቃሬዛ ማኅበር ነበረን፤ ዳኛው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ሽማግሌ ጎረቤቴ ተራቸው ደርሶ ቀሩ። በሬያቸው ገደል ገብቶባቸው ነበር።

«በሬ ይበልጣል ወይስ ሰው?» ብዬ በሰው ፊት ዘለፍኳቸውና ከማኅበሩ አስወጣኋቸው። ከማኅበር የወጣ ሰው ቤተሰቡ ቢታመም የሚሸከምለት የለም። በዓመቱ ልጃቸው ታመመችባቸው፤ በጀርባቸው አዝለው ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ድረስ ወሰዷት። ሲያልፉ በደጄ ቆሜ አየሁ። ሕግ ሕግ ነው አልኩ።

በሐምሌ ሚስቴን ምጥ ያዛት። ሁለት ቀን አለፈ። አዋላጇ ወጥታ ፊቴን ሳታይ «ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ያድርሷት» አለችኝ። ጉብታው ላይ ወጥቼ ተጣራሁ። የአረም ጊዜ ስለነበር አብዛኛው ሰው ቆላ ወርዷል፤ የመጡት አምስት ናቸው። መንገዳችንን የሚያቋርጠው ላህ ወንዝ ደግሞ ሞልቷል። ቃሬዛውን አራት ሰው ይዞ፣ ሌሎቹ ከላይ በኩል ቆመው ውኃውን ካልከለሉ አይሻገርም፤ በዚያ ላይ የሚቀይር ትከሻ ያስፈልጋል።

ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ሲመጡ ሊረግሙኝ መሰለኝ።

«ምን ይገትርሃል? የፊቱን ቀኝ ልቀቅልኝ» አሉኝ።

«አንቱ እኮ ከማኅበሩ የሉም» አለ አንዱ።

«ታዲያ ደከመኝ ብዬ ብጥላት አትቀጡኝማ!»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

መንገዱ ጭቃ ነው። ሚስቴ ስታቃስት ልቤ ይቆረጣል፤ ዝም ስትል ግን ይብሳል። አንዴ ዝምታዋ ሲረዝምብኝ «ተናገሪ! እመቤታችንን ጥሪ!» ብዬ ጮህኩ።

«አይጩሁብኝ» አለች በቀጭን ድምፅ።

«እሰይ!» አሉ ሽማግሌው፤ «ባሏን የምትቆጣ ሴት ገና ብዙ ዕድሜ አላት።»

ወንዙ ደረታችን ደረሰ። መካከል ላይ እግሬን አዳለጠኝና ቃሬዛው ተዘነበለ። የሚስቴ እጅ ውኃ ሲነካ አየሁ። ሽማግሌው ዱላቸውን ለቀው የቃሬዛውን እንጨት በአንገታቸውና በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ዱላውን ጎርፍ ወሰደው። ያዳለጠኝ እኔ ነኝ፤ እሷን ያልጣሏት እሳቸው ናቸው።

ማዶ ስንወጣ ሁለት መንገደኞች አገኙን። ሸክማቸውን ጭቃ ላይ አውርደው፣ «ማን ናት? የማን ናት?» ሳይሉ ትከሻችንን ቀየሩን። ዛሬም ማን እንደሆኑ አላውቅም። እስከዚያ ቀን እግዚአብሔርን ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ አመሰግን ነበር። በሰው ትከሻ እንደሚረዳኝ ልብ ብዬ አላውቅም። ልጆቼ ሆይ፣ ምስጋናችሁ ይህን ከዘነጋ ጎደሎ ነው። የእኔ ጎደሎ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ደርሰን ሐኪም ቤቱ ደጅ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። በመጨረሻ ሐኪሙ ብቅ አለ።

«እናቲቱ ተርፋለች። ሕፃኑ ግን ሞቶ ነው የተወለደው።»

ከግቢው ድንጋይ አንሥቼ ማጅራቴ ላይ አደረግሁና ሽማግሌው እግር ሥር ተደፋሁ።

«ጣለው! ዛሬ የተሸከምነው አይበቃህም?»

«ይማሩኝ፤ በድያለሁ። ልጅዎን አዝለው ሲያልፉ ቆሜ አይቻለሁ።»

አንገታቸው ቆዳው ተልጦ ነጠላው ተጣብቆበታል። «ያን ጊዜ ረግሜህ ነበር» አሉኝ። «እግዚአብሔር ሁለታችንንም ይማረን። ተነሥ። ስለ ልጁ ለሚስትህ የምትነግራት አንተ ነህ። ብቻ ስታለቅስ እንዳትገሥጻት።»

በሩ ድረስ ሄድኩ። ከወንዙ ይልቅ ያ በር አስፈራኝ። ለሃዘንተኛ የምነግረው ምክር ሞልቶኝ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም። ዞሬ «አብረውኝ ይግቡ» አልኳቸው።

ጭቃቸውን ከእግራቸው ጠርገው ቀድመውኝ ገቡ።