በረዶን በዜማ ያስተማረችው መምህርት

ተማሪዎቿ «እትዬ በረዶ» ይሏታል። የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ በረዶ ግን ከክረምቱ ጠጠርና ከማቀዝቀዣ ውስጥ በቀር አይታ አታውቅም። መጽሐፉ ስለ ምድር ዋልታዎች የሚያወራው በአንድ ገጽ ብቻ ነው። እሱን ስታስተምር ግማሹ ክፍል ያንቀላፋል፤ ግማሹ በመስኮት ኳስ ያያል።

አንድ ቀን ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምፀ ጎርናና ተማሪ፣ የፀጉር አስተካካይ ልጅ፣ እጇን አወጣች።

«እትዬ፣ የሰሜን ዋልታ በረዶ ቀለጠ አልቀለጠ እኛ ምን አገባን?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጥያቄው ግን መምህርቷ ላይ እንደ እሾህ ተሰክቶ ሰነበተ። በኋላ ሳይንቲስቶች በየዓመቱ የሚለኩትን፣ በሰሜን ዋልታ ባሕር ላይ የሚንሳፈፈውን በረዶ ስፋት ከኮምፒዩተር ላይ ገለበጠችና ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ዓመት ሰጠች። በረዶው የሰፋበት ዓመት በቀጭን ድምፅ፣ የጠበበበት በወፍራም ይዜማል።

ቧንቧው በደረቀው ቤተ ሙከራ ውስጥ ልምምድ ተጀመረ። ቁጥር ሲያዩ የሚሸሹት ልጆች በቁጥር ተጣሉ። «የእኔ ዓመት ከአምናው ከፍ ብሏል እኮ፣ አታውርደኝ!» ይባባላሉ። ባሏ ግን ያሾፍባት ነበር፤ «የራስሽ ጣሪያ እያፈሰሰ የዋልታ በረዶ ትጠብቂያለሽ?»

በወላጆች ቀን ዘፈኑ። ዜማው ከላይ ተነስቶ፣ አልፎ አልፎ ቀና እያለ፣ ቁልቁል ወረደ። የመጨረሻውን ዓመት የያዘችው የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ጋ ሲደርስ ጉርምርምታ ብቻ ሆነ። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ። ኋላ አንዲት እናት አለቀሰች።

ርእሰ መምህሩ ቢሮው አስጠራት።

«ምነው እቴ፣ በደስታ ቀን ሙሾ ታሰሚናለሽ?»

«ቁጥሩ ነው እንዲያ የሚለው።»

«ቁጥሩ ለፈተና አይመጣም። ቤተ ሙከራው ይቆለፍ።»

ልጆቹን ሜዳ ላይ ልትሰበስብ ሞከረች። ወላጆች አንድ በአንድ አስቀሩባት። ፀጉር አስተካካዩ ራሱ መጥቶ፣ «ልጄ እንቅልፍ አጥታለች። በእግዜር ይሁንብሽ፣ ተይልን» አላት። ክፉ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ተወች።

ልጅቷ ግን አልተወችም። የዋልታ በረዶን ጥናት የት እንደሚማሩት እየመጣች ትጠይቃት ነበር። መምህርቷ ያልጠየቀችው ሰው፣ ያላንኳኳችው በር የለም፤ አገር ውስጥ የሚያስተምረው አልተገኘም። ውጭ ለመሄድ ደግሞ የልጅቷ ውጤት አልበቃ አለ።

ከዓመታት በኋላ አውቶቡስ ውስጥ ተገናኙ። ልጅቷ በአንድ የስልክ ኩባንያ የደንበኞችን አቤቱታ የምትቀበል ሠራተኛ ሆናለች።

«አሁንም ታዜሚያለሽ?»

«ኧረ እትዬ! ቀኑን ሙሉ ስሰደብ እየዋልኩ ምን ድምፅ ቀረኝ?» ሳቅ አለች። «እውነቱን ልንገርዎት? ባላውቀው ይሻለኝ ነበር። አውቄ ምንም አላደረግኩም።»

«እኔም» አለቻት መምህርቷ።

አውቶቡሱ ቆመ። ልጅቷ ትከሻዋን ስማት ወደ ሥራዋ ሮጠች። መምህርቷም ትምህርት ቤት ደረሰች፤ ያንን ስለ ዋልታዎች የሚያወራ ገጽ ሰሌዳ ላይ ጻፈችው፤ ተማሪዎቹም አንገታቸውን ደፍተው ገለበጡ።