ቀሚሱ ላይ የተረሳው ወረቀት

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። እጁ ወርቅ፣ አፉ ግን ወፍጮ ነው፤ ያገኘውን ይፈጫል። የደንበኛ ስም ጠይቆ አያውቅም ነበር። ያለቀ ልብስ ላይ በመርፌ ቁልፍ የሚያያይዛት ብጣሽ ወረቀት ላይ ያየውን ይጽፋል፦ «አንድ ዓይናው»፣ «ሸፋፋዋ»፣ «ድንክዬው»። «ልብስ አምታትቼ አላውቅም» እያለ ይኮራል። እኔም ልብሱን ስተኩስ ወረቀቶቹን እያነበብኩ እስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

አንድ ቀን ጀርባዋ የጎበጠ መምህርት ጨርቅ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ የምገዛው ልብስ ሁሉ ከኋላ ይሰቀልብኛል። ለተማሪዎቼ ምረቃ ደህና ቀሚስ ይስፉልኝ» አለችው። የምታስተምርበትንም ትምህርት ቤት ነገረችው።

አባዬ ስንት ጊዜ ሰፋ፣ ስንት ጊዜ ፈታ! ጫፉ ዙሪያውን እኩል እስኪወርድ አራት ቀን ታገለ። ለብሳው መስታወቱ ፊት ዞር ዞር አለችና ሳቀች። «ልኬን የሚያውቅ ሰው አገኘሁ!» አለች። ከዚያ እጅጌው ላይ ሳይነሳ የቀረውን ወረቀት አየች። «የጎባጣዋ» ይላል።

አልተቆጣችም። ቀሚሱን አውልቃ አጠፈችው፤ ወረቀቱን ከላዩ አስቀምጣ ወጣች። አባዬ መቀሱን እንደያዘ ቀረ።

ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል ሲባል ስንቴ ሰምተናል! ከዚያ ወዲህ አባዬ የመጣውን ሁሉ «ስም ማን ልበል?» ይላል። አንዱ የድሮ ደንበኛ «ሃያ ዓመት ሙሉ ሰፍተህልኝ ዛሬ ፖሊስ ሆንክ እንዴ?» ብሎ ቀለደበት። አባዬ አልሳቀም።

ትምህርት ቤቷም ሄዶ ነበር። ጥበቃው «የትኛዋን መምህርት?» ቢለው «ጠይም፣ ቀስ ብላ የምታወራ» አለ። «እንዲህ ያለችማ ስንት አለች!» አለው ሰውየው። ያቺን ቃል ለማውጣት ግን አፉ እምቢ አለው፤ ቀሚሱን ይዞ ተመለሰ።

ምረቃው ሁለት ቀን ሲቀረው እኔን ላከኝ። «መጀመሪያ ስሟን ጠይቂያት። ከዚያ በስሟ ጠርተሽ አባቴ ይቅርታ ብሏል በያት» አለኝ። ቀሚሱን አጥፎ ክንዴ ላይ አስቀመጠልኝ።

ጥበቃው እኔንም ጠየቀኝ። ጠይም አልኩት፣ ቀስ ብላ የምታወራ አልኩት። አልገባውም። ሥራ ጥዬ ነው የመጣሁት፣ ቸኩያለሁ። «ጀርባዋ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ኧረ ጎባጣዋን ነው! እንደሱ አትዪኝም?»

«አዎ» አልኩ።

ወደ ግቢው ዞሮ ጮኸ፦ «ጎባጣዋን ጥሩልኝ! ሰው ይፈልጋታል!»

መምህርቷ ከተማሪዎቿ መሀል ቀና አለች። መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን፣ በመጨረሻ ክንዴ ላይ ያለውን ቀሚስ አየች። ተማሪዎቿን ወደ ክፍል አስገብታ በሩን ዘጋች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስመለስ አባዬ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

«እሺ ልጄ» አለኝ፣ «ስሟ ማን ነው?»