ሁለት ጊዜ የመለስኩት ጽሑፍ

የሚስቴን ታላቅ ወንድም ስም ኮምፒውተሬ ላይ ተጽፎ ያየሁት፣ መተማ ዮሐንስ ላይ መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ በመጣበት ከሰዓት በኋላ ነው። ሚስቴ ገበያ ሄዳለች። እኔ ቬንትሌተሩን ወደ ፊቴ አዙሬ፣ ላቤ ኪቦርዱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ፎጣ አንገቴ ላይ ጥዬ ተቀምጫለሁ።

ያኔ የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። ከክፍል መልስ ግን ደመወዝ የሌለው፣ ከሚስቴ በቀር ማንም የማያውቀው ሌላ ሥራ ነበረኝ። ኢንተርኔት ላይ ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል፣ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ትልቅ መዝገበ ዕውቀት አለ። ስለ ሰሊጥ በተጻፈ ገጽ ላይ አንዲት የፊደል ስህተት አርሜ ጀመርኩ፤ ቀጥዬ ስለ ቆላው ወንዞችና ስለ ከተማችን ጨማመርኩ፤ ፎቶም አስገባሁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሰዎች የሚያቀርቧቸውን አዳዲስ ረቂቆች እያነበቡ «ይለፍ» ወይም «ይመለስ» ከሚሉት በጎ ፈቃደኞች አንዱ ሆንኩ።

የሚመለሰው ከሚያልፈው ይበዛል። አብዛኛው የሚወድቀው ደግሞ በድምፁ ነው። ሆቴሉ «ተወዳዳሪ የሌለው» ይሆናል፣ ዘፋኙ «የሕዝብ ልጅ»፣ ነጋዴው «ባለራዕይ»። ይህ ሁሉ ውዳሴ ከየት መጣ ብለህ ወደ ግርጌው ስትወርድ የምታገኘው የራሱን ድረ ገጽ፣ የራሱን በራሪ ወረቀት፣ ከፍሎ ያሳተመውን የጋዜጣ ገጽ ነው። ሰው ስለ ራሱ ያለውን ተቀብለህ ብትደግምለት ምስክር አትባልም። ይህን በትሕትና ጽፈህ ትመልሳለህ። ጸሐፊው ያርማል ወይም ይቆጣል፤ አንተ ወደሚቀጥለው ታልፋለህ። ማን እንደሆንክ አያውቅም፤ አንተም አታውቀውም።

የዚያን ቀኑን ግን አውቀዋለሁ። የሚስቴ ወንድም ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ኮኪት አካባቢ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ አላቸው። እኛም የምንኖረው በእሳቸው ግቢ ውስጥ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነበር፤ ስንጋባ «እህቴ ከአጥሬ አትወጣም» ብለው ሰጡን። ረቂቁ «የቆላው የልማት አባት» ይላቸዋል። «ለሺዎች እንጀራ የከፈቱ» ይላል። ግርጌው ላይ አራት ምንጭ ተደርድሯል፦ የእርሻው ብሮሹር፣ የራሳቸው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ፣ እሳቸው ስፖንሰር ያደረጉት የሬዲዮ ፕሮግራም፣ በመጨረሻም ከብሮሹሩ ቃል በቃል የተቀዳ የጋዜጣ ማስታወቂያ።

ደንቡ ግልጽ ነው። የዘመድህ ወይም የምታውቀው ሰው ጉዳይ ሲመጣ እጅህን ከረቂቁ ታነሣለህ፤ ሌላ ሰው ይየው። ገጹን ልዘጋው ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ያዘኝ፦ «የቀን ሠራተኞቻቸውን እንደ ልጆቻቸው ይንከባከባሉ።»

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ክረምት፣ ጋሼ እርሻ ላይ ሳሉግ መዝጋቢ ሆኜ ሠርቼ ነበር። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ እኛ ዘንድ ሳሉግ ነው የሚሉት። ውሃ የሚያመጣው ቦቴ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ለቀናት ቀረ። ሰዎቹ ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ ጠጡ። ብዙዎቹ ታመሙ። አንድ ከወሎ የወረደ ቀጭን ሰው መቆም አቃተው፤ ትራክተር ተጎታች ላይ አስተኝተነው ኮኪት ጤና ጣቢያ አደረስኩት። ሐኪሞቹ ወደ ጎንደር ላኩት። ከሳምንት በኋላ የትራክተሩ ሾፌር «ሞተ አሉ» አለኝ። እኔ ለማንም ምንም አልተናገርኩም። ትምህርት ሲከፈት ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

«ይመለስ» የሚለውን ተጫንኩ። ምክንያቱን ስጽፍ አልዋሸሁም፦ ጽሑፉ የማስታወቂያ ድምፅ አለው፣ ምንጮቹ ከባለታሪኩ ነጻ አይደሉም። ይህን ግን ማንም ሌላ ገምጋሚ ሊጽፈው ይችል ነበር።

ከሳምንት በኋላ ረቂቁ ተመልሶ መጣ። «አባት» የሚለው ወጥቷል፤ «እንደ ልጆቻቸው» የሚለው አለ። በዚህኛው ጊዜ ተናድጄ ጻፍኩ፦ «ይህ ለደንበኛ የሚታደል ወረቀት እንጂ የመዝገብ ጽሑፍ አይደለም።» ጽፌ ስጨርስ ደስ አለኝ። ያ ደስታ ነው ኋላ ሲያስጨንቀኝ የኖረው።

እሑድ ምሳ የምንበላው ጋሼ ቤት ነው። እጃችንን ታጥበን እንደተቀመጥን ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ የእንግሊዝኛ ሰው ነህ። ስሙን የደበቀ አንድ ሰው መንገድ ዘግቶብኛል።»

«የምን መንገድ ጋሼ?»

«ሰሊጥ ሊገዛኝ የመጣ የውጭ ሰው፣ ስምህን ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አጣሁት አለኝ። ልጄ ቁጭ ብላ ጻፈችልኝ። ይኸው ሁለት ጊዜ መለሱት። ምቀኛ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ከዚሁ ከአገሩ ይሆናል።»

ሚስቴ የቆረሰችውን ሳትጎርስ ቀረች። የምሠራውን ታውቃለች፤ የወንድሟ ረቂቅ እጄ እንደገባ ግን አልነገርኳትም ነበር። ቀና ብላም አላየችኝ።

የጋሼ ልጅ ላፕቶፗን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አሥረኛ ክፍል እያለች አስተምሬያታለሁ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ከተመለሰች በኋላም ቤት ውስጥ ሳይቀር ቲቸር ነው የምትለኝ። ጸሐፊዋ እሷ መሆኗን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የእኔን ቃል በእንግሊዝኛ አነበበችልኝ፤ ለአባቷ ደግሞ በአማርኛ ተረጎመችላቸው። «ለደንበኛ የሚታደል ወረቀት» ስትል ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ።

«እንዲህ አለ?» አሉ ጋሼ።

«እንዲህ ነው የሚለው አባባ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ ምን ላርም?»

ረቂቁ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። «"እንደ ልጆቻቸው" የሚለውን ማን አለው?»

«እኔ።»

«አንቺ ልጃቸው ነሽ። ከቤተሰቡም ከእርሻውም ውጭ የሆነ፣ ሳይከፈለው የጻፈ ሰው ነው የሚፈልጉት።»

«የዚህን ቆላ ነገር ማን ይጽፋል ቲቸር? ኮኪት ድረስ የመጣ ጋዜጠኛ ያውቃሉ? ማንም ካልጻፈው የለንም ማለት ነው?»

እውነቷን ነው። ወደ ላፕቶፑ ተመልሳ የመላሹን ስም ተጫነችው። ስሙ ከእኔም ከአገሬም ጋር የማይገናኝ ቃል ነበር፤ ግን ሰውየው እስከዚያን ቀን የጻፈውን ሁሉ የሚዘረዝር ገጽ አለ። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ገጹ ቀስ እያለ ከላይ ወደ ታች ይከፈታል። ሰሊጥ። የቆላው ወንዞች። መተማ ዮሐንስ። በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ ግቢ ፎቶ መጣ፤ ከእንግሊዝኛ ክፍሉ መስኮት ሆኜ ያነሣሁት፣ የመስኮቱ የተጣመመ ብረት ጥግ ላይ የሚታይበት። በዚያ መስኮት ሥር ነበር አንድ ዓመት ሙሉ የተቀመጠችው።

እጇ ቆመ።

«ማን ነው? ተገኘ?» አሉ ጋሼ።

ልጅቱ ፎቶውን አየች፤ እኔን አየች። ላፕቶፑን ከደነችው።

«አይታወቅም አባባ። ኔትወርኩም ሄደ።»

በማግሥቱ በዕረፍት ሰዓት ትምህርት ቤት መጣች። መምህራን ክፍሉ ውስጥ ሰው ስለነበር ከላቦራቶሪው ጀርባ ጥላ ፈልገን ቆምን። ተቆጥታ ነበር፤ ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም።

«መመለስዎ አይደለም የከፋኝ» አለች። «አጠገቤ ተቀምጠው "ማን አለው" ብለው ሲጠይቁኝ ነው። እንደማያውቅ ሰው።»

ጥፋቴን ነገርኳት። ዘመድ የዘመዱን ጽሑፍ እንዳይገመግም ደንብ እንዳለ፣ ያንን አውቄ እንደጣስኩ ተናዘዝኩ።

«ለምን?» አለችኝ።

ስለ ቦቴው፣ ስለ ኩሬው፣ ስለ ወሎው ሰው ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ስጨርስ፣

«ሰውየው መሞቱን ማን ነገረዎት?» አለች።

«የትራክተሩ ሾፌር።»

«እሱ አይቷል?»

«አላውቅም።»

«ለአባባ ስመሰክር እኔ አልበቃሁም። በአባባ ላይ ሲሆን እርስዎ በቁ?»

ደወል ተደወለ፤ ተማሪ ወደ ክፍል ሲግተለተል እሷ በግቢው በር ወጣች።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ረቂቁ ሥር ማስታወሻ ጻፍኩ፦ ከባለታሪኩ ጋር ዝምድና አለኝ፣ መገምገም አልነበረብኝም፣ ሌላ ሰው እንደ አዲስ ይየው። ከቀናት በኋላ አንድ የማላውቀው ገምጋሚ አየው። መለሰው። ምክንያቶቹ የእኔው ነበሩ፤ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ቁጣ የሌለባቸው። አንብቤ እፎይ እላለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሆነልኝም።

ቅዳሜ ኮኪት ወርጄ ሾፌሩን ፈለግሁት። አንድ ጋራዥ ውስጥ ጎማ ሲያስለጥፍ አገኘሁት። ስለ ወሎው ሰው ስጠይቀው ግንባሩን ቋጠረ።

«እኔ እንኳ አላየሁም» አለ። «አንድ ሳሉግ ነው የነገረኝ።»

«እሱስ አይቷል?»

«እንጃ። አገሩ ገብቷል።»

ስመለስ ባጃጁ ውስጥ ከአንዲት ነጋዴ ሴትና ከጆንያዎቿ ጋር ተጣብቄ ተቀምጬ፣ ለጋሼ ምን ብዬ እንደምጀምር አሰብኩ። መንገድ ላይ ሦስት ዓይነት መግቢያ አዘጋጀሁ። ከእሑዱ ምሳ ጀምሮ ነገሩ የገባት ሚስቴ ስገባ አየችኝና «ዛሬውኑ ንገራቸው፤ ከሌላ ሰው ከሰሙ እኔም አላስታርቅህም» አለችኝ።

ጋሼ በረንዳቸው ላይ የጆንያ ናሙና እየዳሰሱ ነበር። ካዘጋጀሁት መግቢያ አንዱም አልመጣልኝም።

«የመለስኩት እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩ።

ጆንያውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። ቁጭ በልም አላሉኝ። ሁሉንም ቆሜ ነገርኳቸው፤ የኩሬውንም። ፊታቸው አልተለወጠም፤ የወንበሩን እጀታ ብቻ አጥብቀው ያዙ።

«ውሃው የጠፋው አምስት ቀን ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ያኔ ገለጉ ከተማ ነበርኩ፤ ወንዙ ሞልቶ መሻገር አልቻልኩም። ሰውየው አልሞተም። ድኖ አገሩ ገባ፤ መኪና ላይ ያሳፈርኩት እኔ ነኝ።»

«ማስረጃ አለዎት?»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። የለመደብኝ ነገር ነበር።

«የለኝም» አሉ። «አንተስ መሞቱን የምታሳይበት አለህ?»

«የለኝም።»

ከአጥሩ ውጭ ወደ ጠረፉ የሚሄዱ ከባድ መኪናዎች ተራ ይዘው ጥሩምባ ይነፋሉ። ጥሩምባው እስኪያቆም ጠበቁ።

«ያን ክረምት ስመለስ ፊት ለፊቴ ቆመህ "ሰው ኩሬ ጠጥቶ ታመመ" ብትለኝ ምን አደርግህ ነበር? አባርርህ ነበር? እህቴን ከቤት አስወጣ ነበር?»

«አላውቅም ጋሼ። ፈርቼ ነበር።»

«ፈርተህ ዝም አልክ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተደብቀህ ተናገርክ፤ እሱንም ሌላ ነገር አስመስለህ።» ተነሡ። «አሁን ሂድ። ልጄ የጻፈችው ብዙ ቦታ ውዳሴ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ደስ ብሎኝ ነው የተውኩት።»

ይህን ሲሉ ያልጠበቅሁት ሐፍረት ፊታቸው ላይ አየሁ፤ ወዲያው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ከግቢው ውጡ አላሉንም። እኔ ግን በዚያ በር መግባትና መውጣት ከበደኝ፤ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ከገበያው በላይ አንዲት ክፍል ተከራይተን ወጣን። ዕቃውን ሚስቴ ራሷ ጫነችው። እሑድ እሑድ ወንድሟ ዘንድ ብቻዋን ትሄዳለች፤ ስትመለስ ምን እንደተባለ አልጠይቃትም። ይህ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። ጋሼ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን ነካ ያደርጋሉ፤ አይቆሙም። ስማቸውም መዝገቡ ውስጥ ሳይገባ ቀረ።

እኔ መገምገሙን ለረጅም ጊዜ ተውኩት። ስመለስበት ደንቡን ከበፊቱ አጥብቄ ያዝኩ፤ ከእኛ ቆላ የመጣ ረቂቅ ካየሁ ሳልከፍተው አልፈዋለሁ። የሰው ጽሑፍ ስመልስም ምክንያቱን ጽፌ ወዲያው አልልከውም። ተነሥቼ ውሃ እጠጣለሁ፤ ተመልሼ አነበዋለሁ፤ ከራሴ የመጣ ነገር ካለበት አጠፋዋለሁ።

ልጅቱ ጎንደር ሥራ ይዛ ሄደች። ከስንት ጊዜ በኋላ ስልክ ደወለች። በቆላው እርሻ ላይ ስለሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ለዚያው መዝገብ እየጻፈች መሆኗን ነገረችኝ፤ የዩኒቨርሲቲ ጥናቶችና የጤና ቢሮ ሪፖርቶች ሰብስባለች። የአባቷ ስም የለበትም።

«አይገምግሙት» አለች። «አንብበው ብቻ ይንገሩኝ።»

አነበብኩት። ሦስት ቦታ ምልክት አድርጌ ላክሁላት። ሁለቱን አረመች። ስለ መጠጥ ውሃው የተጻፈውን ሦስተኛውን «ለእሱ እንኳ ምንጭ አለኝ ቲቸር» ብላ ተወችው። ምንጩን ከፍቼ አየሁት፤ ነበራት።