ደህናውን ባትሪ የደበቅን ሾፌሮች

የጭሮ ባጃጅ ሾፌር ከቤንዚን ወረፋ የሚያድነው ካገኘ የሰይጣንንም እጅ ይስማል። እኔም ስሜያለሁ። የመጣልን ግን ሰይጣን እንኳ አልነበረም፤ ጫማው አቧራ እንዳይነካው ሲሳቀቅ የሚውል የአንድ ኩባንያ ኃላፊ ነው።

አዳራሽ ሰበሰበንና «የኤሌክትሪክ ባጃጅ ያለ ባትሪ በርካሽ ትገዛላችሁ» አለን። «ባትሪው የእኛ ነው። ሲያልቅባችሁ ጣቢያችን መጥታችሁ ያለቀውን ትሰጣላችሁ፣ የሞላውን ትወስዳላችሁ። የምትከፍሉት ለቅያሪው ብቻ ነው።» አጨበጨብን። ግማሾቻችን ምን እንደተባለ እንኳ አልገባንም።

ከሁላችን በፊት መንዳት የጀመሩ፣ ሀጂ የምንላቸው የበደሳ ሰው ብቻ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ደህና ሰጥቼ ያረጀ ብትሰጠኝስ?»

ኃላፊው ሳቀ። «ሀጂ፣ ባትሪ በሬ አይደለም፤ ሁሉም አንድ ነው።» እኛም አብረነው ገለፈጥን።

ባትሪዎቹ አዲስ ሳሉ ሁሉም ደህና ነበር። የጭሮ ዳገት ግን ጨረሳቸው። ደካማው ከጠንካራው ጋር ተቀላቅሎ የሚደርስህ እንደ ዕድልህ ሆነ። አንድ ቀን ለእኔ ገና ከካርቶን የወጣ ደረሰኝ። ከዚያ ወዲያ ጣቢያው ደጃፍ አልደረስኩም። አንድ ኤሌክትሪሽያን ቻርጀር ሠራልኝና ቤቴ እየሞላሁ ነዳሁ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ደህና የደረሰው ሁሉ እንደኔው ደብቋል! የጣቢያው መደርደሪያ ላይ ማንም የማይፈልገው ባትሪ ብቻ ቀረ፤ ለቅያሪ የሚከፍል ስላነሰም አዲስ መግዣ ጠፋ። ያ አዋቂ ነኝ ባይ ኃላፊ ታዲያ ምን አደረገ? አሁንም በታማኝነት በሚመላለሱት በእነ ሀጂ ላይ ዋጋ ጨመረ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሀጂ ዳገቱ መሃል ቆመው አገኘኋቸው። ከኋላ ምጥ የያዛት ሴት ከእናቷ ጋር አለች፤ ወደ ሆስፒታል ነበር የሚሄዱት። ወደ እኔ ባጃጅ አዛወርናት። ልነሳ ስል ሀጂ ክንዴን ያዙ።

«አድርሰሃት ስትመለስ ባትሪህን አንዴ አውሰኝ። ቤቴ እስክደርስ ብቻ።»

«የኔም ሊያልቅ ነው፣ ሀጂ» አልኳቸው።

የባትሪዬ ጠቋሚ ፊት ለፊታቸው ሙሉ ሆኖ ይታያል። አዩት። «እሺ ልጄ፣ አላህ ይርዳህ» ብለው ክንዴን ለቀቁኝ።

ሴትዮዋ በሰላም ወለደች። እኔ ግን በሌላ መንገድ ዞሬ ተመለስኩ። ሀጂ ባጃጃቸውን በዚያ ፀሐይ በእጃቸው እየገፉ ቁልቁል እንደወረዱ በኋላ ሰማሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጣቢያው ተዘጋ። ኃላፊው «የሕዝቡ ግንዛቤ ዝቅተኛ ነው» ብሎ አዲስ አበባ ገባ። የኩባንያው ሰዎች መኪና ይዘው ቤት ለቤት ባትሪያቸውን ለቀሙ፤ የእኔንም ወሰዱ። ባዶውን ባጃጅ ለቁራጭ ብረት ገዢ ሸጬ አሁን ከገለምሶ የሚመጣ ጫት አወርዳለሁ።

ሀጂ ወደ ቤንዚን ባጃጅ ተመልሰዋል። ባለፈው በእግሬ ስሄድ አይተውኝ ቆሙና «ግባ» አሉኝ። ያን ቀን የዋሸኋቸውን ላነሳ አፌን ስከፍት፣ እሳቸው ስለዘንድሮ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። እኔም ስለ ዝናቡ እየመለስኩላቸው ሄደን ገበያው ጋ ስንደርስ ወረድኩ።