መብረቅ ያልነካው ላፕቶፕ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ ፍልሰታ ሊገባ ሲል ነው። ዛሬም ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ትዝ ይለኝና መጀመሪያ እናደዳለሁ፤ ቀጥሎ ብቻዬን እስቃለሁ።

ፍኖተ ሰላም ላይ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ሥራ የምሠራባት ጠባብ ቤት አለችኝ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ፣ መልሼ እየጠገንኩ ነው የለመድኩት። ደንበኞች በሚያመጡት ፍላሽ ቫይረስ እየገባ ሲያማርረኝ፣ ቡሬ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግነው ጌትነት ከላፕቶፔ ላይ ዊንዶውሱን አጥፍቶ ሊኑክስ ጫነልኝ። ከእንግዲህ ቫይረስ አያገኝሽም አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቫይረስ አላገኘኝም። ያገኘኝ ሌላ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ገና በሩን ከመክፈቴ እናኑ የምትባል ወጣት አዋላጅ ነርስ ደረሰች። ከማንኩሳ ወዲያ ካለ ገጠር ነው የመጣችው፤ ጫማዋ ጭቃ ለብሷል፣ የትምህርት ማስረጃዋን በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ሥር ሸጉጣለች። ከተመረቀች ጀምሮ ሥራ አላገኘችም። አሁን አንድ ቦታ ወጥቶ በኢንተርኔት ልትመዘገብ ነው፤ ምዝገባው ደግሞ የሚዘጋው ያን ቀን ሲመሽ ነው። እኔ ዘንድ ከመምጣቷ በፊት ሌላ ኢንተርኔት ቤት ሄዳ ነበር። ባለፈው ቀን አመሻሽ የወረደው መብረቅ ራውተራቸውን አቃጥሎት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። የሞባይል ዳታም አይሠራም።

«እንግዲህ የቀሩኝ እርስዎ ነዎት፣ እትየ» አለችኝ።

ማስረጃዎቿን ስካን አደረግሁና ኢንተርኔት ልከፍት ስል ዋይፋይ የለም። የእኛንም መብረቁ በላው ብዬ ግቢውን ተሻግሬ ሮጥኩ፤ መስመሩን የምንጋራው ከጎረቤት ፋርማሲ ጋር ስለሆነ ራውተሩ ያለው እነሱ ቤት ነው። መብራቱ በርቷል። የእናኑ ስልክም ዋይፋዩን ወዲያው ያዘ፤ ችግሩ የመመዝገቢያው ገጽ ስልክ ላይ ማስረጃ ጫን ሲባል ይዘጋል። እንግዲያስ ጥፋተኛው የእኔው ላፕቶፕ፣ ያውም ዋይፋይ የምትቀበልለት አዳፕተሩ ናት።

ከአንድ ቀን በፊት ሊኑክሱ ራሱን ላድስ ሲለኝ እሺ ብየው ነበር። አዲሱ ከአዳፕተሯ ጋር አልተስማማም ብዬ ወደ አሮጌው መለስኩት። ወይ ፍንክች። አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው። አዳፕተሯን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያነጋግረውን ድራይቨር አጥፍቼ፣ ጌትነት በፍላሽ ከተወልኝ እንደገና ጫንኩት። አዳፕተር አለህ ብዬ ስጠይቀው አለኝ ይላል። ታዲያ ኔትወርክ ፈልግ ስለው ዝም። ጓዳ ተቀምጦ «የለም በሏቸው» እንደሚያስብል ሰው።

ጀርባውን ፈታሁ። አዳፕተሯን አውጥቼ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁና መለስኳት። አንዷ ብሎን ጠፋችብኝ፤ እሷን ፍለጋ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ስወጣ አናቴን መታኝ።

የባለቤቴ እናት እማሆይ፣ አብረውን ነው የሚኖሩት፣ በር ላይ ምስር እየለቀሙ ያዩኛል። እናኑ ሰዓቷን ባየች ቁጥር እኔን ያልበኛል። እማሆይ አይዞሽ ይሏታል። ይቺ ሴትዮ የያዘችውን አትለቅም፣ ከበሮ ቢሰጧት ፈትታ ነው የምታየው ይሏታል። እኔ ጥርሴን ነክሼ ብሎኖቹን አጠብቃለሁ።

ከቀትር በኋላ ወደ ጌትነት ደወልኩ።

«ምነው፣ ቫይረስ አገኘሽ?» አለኝ።

«እሱስ በተሻለኝ ነበር» አልኩት።

ያደረግሁትን ሁሉ ከሰማ በኋላ የማላውቃትን አንዲት ትእዛዝ ጻፊ አለኝ፤ «አርኤፍኪል ሊስት» ትባላለች። ጻፍኩ። የመጣውን አነበብኩለት፤ «ሃርድ ብሎክድ፣ የስ» ይላል። ጌትነት ወዲያው ደረሰበት።

«አዳፕተሯም ደህና ናት፣ ሊኑክሱም ደህና ነው። ሰው በእጁ ነው የዘጋት። ኪቦርዱ ላይ የአውሮፕላን ሥዕል ያለባትን ቁልፍ የነካ አለ?»

ማን ይነካዋል፣ ከእኔ በቀር ማን ደፍሮት ያውቃል እያልኩ ስቆጣ፣ ከበሩ በኩል ረጋ ያለ ድምፅ መጣ።

«እኔ ነኝ።»

ዞር ስል እማሆይ ምስራቸውን አላቋረጡም።

«ትናንት አንች ለቅሶ ቤት ሳለሽ ሰማዩ አጓራ። ይኸ ነገርሽ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። አውሮፕላኗን አስነሳሁልሽ።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ፈረስ ቤት በሚባል አገር ያለ ወንድማቸው በሬውን መብረቅ ከገደለበት ወዲህ፣ እማሆይ ሲነጎድ ስልክ እንዲከፈት አይወዱም። የራሳቸውን ያጠፉታል፤ መልሶ ማብራቱ ግን አይሆንላቸውምና ሁልጊዜ እኔን ይጠራሉ። እንዲገላግሉኝ ብዬ፣ ሲነጎድ ስልክዎ ላይ ይቺን የአውሮፕላን ምልክት ብቻ ይንኩ ያልኳቸው እኔው ነኝ። ፊደል ባይቆጥሩም ሥዕል አይስቱም።

«ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ስለፋ እያዩኝ ምነው ዝም አሉ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ስትጠይቂ የዋልሽው ማሽኑን ነው።»

እናኑ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ጌትነት ስልኩ ውስጥ ሲንፈቀፈቅ ይሰማኛል፤ ዘጋሁበት።

ቁልፏን ነካሁ። ዋይፋዩ ምንም እንዳልተፈጠረ መጣ። ማስረጃዎቹን መጫን ጀመርን። ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው፤ የመጫኛው መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ይሄዳል። ግማሽ ላይ ሲደርስ ሰማዩ እንደገና አጓራ።

እማሆይ ምስሩን አስቀምጠው ተነሱ። እናኑ እጃቸውን ይዛ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች።

«በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ትንሽ ይታገሱኝ።»

እማሆይ ታገሱ። ጣታቸውን ከአውሮፕላኗ ቁልፍ በላይ ደቅነው፣ ከንፈራቸው ውዳሴ ማርያም እያለ፣ ሦስታችንም ያቺን መስመር እያየን ቆምን። ሰማዩ ባጓራ ቁጥር ጣታቸው ዝቅ ይላል፤ እናኑን ያዩና መልሰው ከፍ ያደርጉታል። በመጨረሻ ማመልከቻው መድረሱን የሚናገር ጽሑፍ ወጣ።

«በቃሽ?» አሏት።

«በቃኝ፣ እማሆይ።»

ቁልፏን ተጭነው ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

እናኑ አሁን ቡሬ አጠገብ አንድ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ሲነጎድ እማሆይ ያች ልጅ አውሮፕላኗን አስነስታ ይሆን ይላሉ።

እኔ ያች ቁልፍ መብረቅ እንደማትከለክል ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። የሚመልሱልኝ አንድ ነው፤ የእነዚያ ተቃጠለ፣ የአንች ተረፈ። ስለዚህ አሁን ዋይፋይ እምቢ ሲለኝ ድራይቨርም አልነካ፣ ብሎንም አልፈታ። መጀመሪያ ወደ በሩ ዞሬ እጠይቃለሁ፤

«እማሆይ፣ እኔ ሳልኖር ነጉዶ ነበር?»