ቀይ ነበረች ወይስ ጠይም

ሰዓሊው ጠዋት ሲነቃ ፊቱን ሳይታጠብ የሚያየው ሰማዩን ነው። ደመና ከሆነ ብርሃኑ ስለማይበቃው የሰው ፊት አይቀባም፤ ሸራ ይወጥራል፣ ብሩሽ ያጥባል፣ የረባ ያልረባውን ሲያነሳ ሲጥል ይውላል። ፀሐይ ከወጣች ግን ቁርሱንም ይረሳል። በዚያ ሰሞን ሰማዩ በየቀኑ ጥርት ብሎ እየነጋ፣ ሰውዬው ፊት የሚባል ነገር ሳይነካ ሰነበተ። ጎረቤቶቹ ሰነፈ አሉት። መስነፍ ቢሆንማ በምን ዕድሉ፤ ፈርቶ ነው።

የፈራው እናቱን ነው። ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ወደኋላ ሰብስባ፣ አንድ እጇን ወንበር መደገፊያ ላይ አሳርፋ ሸራው ላይ ቆማለች። ፊቷንና እጇን ግን ቀለም አልነካቸውም፤ የከሰል ንድፍ ብቻ ናቸው። ሥዕሉን ያዘዘችው ታላቅ እህቱ ናት፣ ታላቅ እህት ስታዝ ደግሞ እንቢ አይባልም። የአባታቸው አንድ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። የቀረው ዳር ዳሩ ጨልሞ መሀሉ ብቻ ስለተረፈ፣ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነገሩን ሁሉ ቆራርሰው ነው የሚያዩት። ሐኪሙ ያቺም ቀዳዳ ብዙ እንደማትቆይ ለእህትየው ነግሯታል። ስለዚህ ሳይጨልምባቸው አንድ ጊዜ ሟች ሚስታቸውን ይዩዋት አለች።

ከእናትየው የተረፈው ደግሞ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ከፎቶ ላይ አፍንጫ ይወሰዳል፣ የቅንድብ አጣጣል ይወሰዳል፤ የቆዳ ቀለም ከየት ይምጣ? እሱ እናቱ ስትሞት ገና ነፍስ አላወቀም። ስለዚህ ሰው ጠየቀ፣ መጠየቁ ነው ጉድ ያፈላው። እህቱ ቅንጣት ሳታመነታ ጠይም ነበረች አለች። የአባቱ እህት፣ አክስቱ ዘንድ ሲሄድ አክስት ሳቀችበት፤ ምን ጠይም ትለኛለህ፣ ቀይ ነበረች እንጂ፣ ያውም ዓይን የምትወጋ ቀይ። ሁለቱ ሴቶች በስልክ ተገናኝተው በዚሁ ተኳረፉ። እሱ መሀል ቀረ። ሱቅ ገብቶ ቀይ ስጡኝ ቢል ደም የመሰለውን ቱቦ ያወጡለታል፤ ሰው ቀይ ናት ሲባል ግን የዚያ ቱቦ ጠብታ እንኳ ይበዛል። ቀዩም ጠይሙም በተናጋሪው ዓይን የሚለካ ነገር ነው፣ የተናጋሪውን ዓይን ደግሞ ማንም እንደ ቀለም አይበጠብጠውም።

አባትን መጠየቅ የማይታሰብ ነው። የሟቿ ስም ሲነሳ ኮታቸውን አንስተው የሚወጡ ሰው ናቸው። ስለ ልጃቸው ሙያም ቢሆን ቃል አያባክኑም። ሰው ልጅዎ ምን ይሠራል ሲላቸው «ቀቢ ነው» ይላሉ፤ ግድግዳ ይቅባ ሰው ይቅባ አይነግሩትም። ሰዓሊው መጀመሪያ መጀመሪያ ይከፋው ነበር፣ ኋላ ለመደው። መልኩ ግን ቁርጥ እሳቸውን ነው እየተባለ ነው ያደገው።

የሚያስፈራው ሌላም ነገር አለ። እንጀራው የሰው ፎቶ እያየ መሳል ነው፣ ደንበኛ ሁሉ ደግሞ የተማከረ ይመስል አንድ ነገር ይለዋል፤ ትንሽ ፈካ አድርጋት። ሙሽራዋም ፈካ፣ ሟቹም ፈካ። እሱ ውበት እዚያ እንዳልሆነ ያውቃል። ብርሃኑ ከጉንጭ ተነስቶ ወደ አገጭ ሲወርድ ቀለሙ የሚሸሽበት ቦታ አለ፤ ልብ ብሎ ላየው አረንጓዴም ሐምራዊም አለበት፤ ፊትን ፊት የሚያደርገው እሱ ነው። ይህን እያወቀ ያፈካል፣ ምን ያድርግ። ይኸው አሁን ብሩሽ ባነሳ ቁጥር፣ እጁ ሳያማክረው እናቱንም እንዳያፈካት ይሰጋል።

አንድ የሚያስታውሰው ነገር ነበረው። ግንባሩ ላይ ያረፈ የእናቱ እጅ። ፊቷ የለም፣ ድምጿም የለም፣ ያ እጅ ብቻ፤ ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለ ቀጭን እጅ። ሲጨንቀው፣ የራሴን ነገር ትቼ የሰው ወሬ ምን ያስጠይቀኛል ብሎ ቀለሙን መደባለቅ ጀመረ። አደባለቁ እንደ ልማዱ ነው። እየበጠበጠ ከእጅ አንጓው ጀምሮ ክንዱ ላይ ጠብ ያደርጋል፤ ከራሱ ቆዳ ጋር እያስተያየ ነጭ ይጨምራል፣ ቡናማ ይጨምራል። በመጨረሻ ክንዱ ዝንጉርጉር ሲል ያ እጅ ወጣ። መጀመሪያ እጇን ቀባ፣ ፊቷንም ከእጇ አስማማ። ሲጨርስ ወደኋላ አፈግፍጎ አያት፤ አወቃት። ብቻውን አለቀሰ።

ደስታው ግን አላደረም። እህቱ መጥታ እጆቿን አጣምራ አየችና «እንደ ደንበኞችህ አቀላሃት» አለችው። ስለ እጇ ነገራት፣ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው እታለም አላት። እሷም ተጠራጥራ፣ እሱም ተጠራጥሮ፣ አባትየውን ለማምጣት ሄደች። ለአባት ዓይን የቀረው ጊዜ ሥዕሉን የሚያስደግም አልነበረም።

ሽማግሌው በእህቱ ተመርተው ገቡ፤ ማንን እንደሳለ አልተነገራቸውም። ወንበር ስቦ ሸራው ፊት አስቀመጣቸው። ፊታቸውን ሊነኩት ምንም እስኪቀራቸው አስጠጉና በዚያች ቀዳዳቸው ማየት ጀመሩ። ግንባሯን አዩ። ቅንድቧ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ኮታቸውን አንስተው ይወጣሉ ብሎ ጠበቀ፤ አልወጡም። ጉንጯን፣ አፏን፣ አንገቷን እያሉ እንደሚያነብ ሰው ቀስ ብለው ወረዱ። እጇ ላይ ደርሰው ቆዩ፣ በጣም ቆዩ።

«ይቺማ ታማለች» አሉ። «ለምን በሕመሟ ሳልካት?»

እህትየው አፏን በእጇ ያዘች። ነገሩ ከዚያ በኋላ በቁርጥራጭ ወጣ። ሕመሙ ሲጠናባት ደሟ ሁሉ ሸሽቶ፣ ነጥታና ገርጥታ ነበር፤ አክስት ደግሞ ከሩቅ አገር ተጠርታ መጥታ መጀመሪያ ያየቻት ስታስታምማት ነው፣ ቀይ ያለችው ያንን ነው። ግንባሩ ላይ ያረፈውም እጅ የመጨረሻው እጅ ነው። የቀባው የእናቱን መልክ ሳይሆን ሕመሟን ኖሯል። ሰዓሊው እንዴት ነበረች ታዲያ ማለት ፈለገ፤ ያን ጥያቄ አባቱን በሕይወቱ ጠይቆ ስለማያውቅ አልወጣለትም።

አባት ሳይጠየቁ «እስቲ ክንድህን» አሉ። ሰጣቸው። እጅጌው ተሰብስቦ ስለነበር ያ ሁሉ ጠብታ እንዳለ ነው። ዓይናቸውን ከክንዱ ጀምረው ጠብታ በጠብታ ወደ ታች አስኬዱ፤ የነጣውን አለፉት፣ የጠቆረውን አለፉት። ከአንጓው በታች ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይሄ።»

«አባባ፣ እዚያ ላይ እኮ ቀለም የለም።»

«አውቃለሁ» አሉ። «እሱ ነው።»

ጣታቸውን አላነሱም። እሱ የገዛ እጁን እንደ ሰው እጅ አየው። ዕድሜውን ሙሉ ቀለም ሲለካበት ኖሮ አንድ ቀን እንኳ የማን ነው ብሎ አልጠየቀም። ቁርጥ አባቱን ነው ሲባል አምኖ ኖረ።

ፀሐይዋ ከመስኮቱ ልታልፍ ነበርና ለወሬ ጊዜ አልነበረም። ቀለሙን አዲስ በጠበጠ፤ አባት ባሳዩት ቦታ ጠብ ያደረገው ጠብታ ከቆዳው ተዋሕዶ እስኪጠፋ ድረስ ጨመረ፣ ቀነሰ። ከዚያ ፊቷን ያለብስ ጀመር። ብሩሹ ባለፈበት ሁሉ የሽማግሌው ፊት ተከትሎ ይሄዳል፤ አንዴ ጨምር፣ አንዴ በቃ ይላሉ። ከሥሩ የምትጠፋው እሱ ያወቃት አንዲት እናት መሆኗን ግን እሱ ብቻ ነበር የሚያየው። ግንባሯ ሄደ። ጉንጯ ሄደ። ለአባቱ እያመጣት ከራሱ ይወስዳታል፣ ማቆም ደግሞ አይችልም።

እጇ ላይ ሲደርስ ብሩሹን ቀለም ነከረ፣ አነሳ፣ መለሰው። እንደገና አነሳ።

አባት ዓይናቸውን ከሸራው አንስተው እሱን ፈለጉት። እጁን አገኙ፣ ከዚያ አገጩን፣ ከዚያ ዓይኑን።

«እጇን ተወው» አሉት። «እሱ ያንተ ነው።»

ብሩሹን አስቀመጠ። ክፍሉ እየደበዘዘ ሲሄድ እህትየው መብራት ልታበራ ተነሳች፤ አባት ፊታቸውን ከሥዕሉ ሳያነሱ፣ ቆዪ ትንሽ አሏት።