በኛዱዋል መስመር የወጣው ወሬ

ኛዱዋል ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። አሮጌው ኮምፒውተሯ ዋይፋይ ስለማይቀበል፣ ጎረቤቷ ስልክ ጠጋኙ ወንዶሰን አውራ ጣት የምታክል አዳፕተር ሰካላት፤ የሚያሠራትን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ከፍላሹ ጫነና ዋይፋይ ከሚያሰራጨው ራውተሯ ጋር አገናኘላት።

«እትዬ፣ ፓስወርዱን ጠንከር ያድርጉት፤ ለሰውም አይስጡ» አላት። «በዚህ መስመር ማንም ምንም ቢሠራ በእርስዎ ስም ነው የሚቆጠረው።»

«ከማን ልደብቅ? ሁሉም ቤተ ክርስቲያን አብሮኝ የሚዘምር ሰው ነው» ብላ የሱቋን ስም ፓስወርድ አደረገችው። ጁባ ዘመድ ያለው ሁሉ ግድግዳዋን ተደግፎ ይደውል ጀመር። የመዘምራን ጓደኛዋ ኛቦልም የልጇን ሠርግ ከጁባው ወንድሟ ጋር የመከረችው እዚያው ተቀምጣ ነው።

ሠርጉ ሲቃረብ፣ በሐሰት ስም የተከፈተ የፌስቡክ ገጽ «ሙሽራዪቱ ደብቃ የወለደችው ልጅ አለ» ብሎ ጻፈ። ውሸት ነበር። የሙሽራው ወገን ግን እስኪጣራ አልጠበቀም፤ ለጥሎሽ የመጡትን ከብቶች ነድቶ ሄደ። ኛቦል ለፖሊስ ከሰሰች። ፖሊስ ሲያጣራ ጽሑፉ የወጣው በኛዱዋል መስመር ሆኖ ተገኘ። ኛዱዋልን ወስደው ጠየቋት፤ ማስረጃ ሲያጡ ለቀቋት።

ወንዶሰን ራውተሩን ከፍቶ ፈተሸ። «የዛሬዎቹን ስልኮች ብቻ ነው የሚያሳየው እትዬ። የዚያን ቀኑን አልያዘም።»

ኛዱዋል ኛቦል ቤት ሄደች።

«እህቴ፣ እኔ አይደለሁም። ፓስወርዱ በሁሉም እጅ ነበር።»

ኛቦል ግቢም አላለቻት። «ታዲያ ማነው?»

«አላውቅም።»

«ቤትሽ የሚገባውን ሰው አታውቂም? ልጄ ከቤት መውጣት ትታለች። አላውቅም አለች ብዬ ልንገራት?»

ኛዱዋል ወደ ሱቋ ተመለሰች። ወንዶሰንም ፓስወርዱን ማንም በማይገምተው ረጅም ቃል ለወጠላት። ደዋዮቹ «ጠረጠረችን» ብለው ተቀየሟት፤ እውነታቸውንም ነበር። ወረቀት ሊያባዛ የሚመጣውን ሁሉ፣ ስልክ የያዘውን እጁን ታይ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ መምህር የሆነውን የበኩር ልጇን ሬአትን «አንተ ግን በዚያ ሰሞን በኔ ዋይፋይ ምን ትሠራ ነበር?» አለችው።

ሬአት እጁን ከትሪው ሰበሰበ። «እኔንም፣ እማዬ?» አለና ተነሥቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ሲመጣ ሰላም ይላታል እንጂ፣ አይቀመጥም።